ሐረጎን የወረዱ ሽማግሌዎች

አንድ ቀን፣ ያውም እሑድ ጠዋት፣ ጋሽ ይመር ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከደሴው ቤታቸው ብቅ አሉና ደጃቸው ላይ የቆመችውን ቀይ መኪና አንድ ጊዜ ዞሯት። የጎደለ ነገር ያለ መሰላቸውና ደግመው ዞሯት።

ጋሽ ይመር ማለት ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ መርፌውን ሲያስቀምጡ ምላሳቸውን የሳሉ ሰው ናቸው። ባልና ሚስት ተጣላ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በአጥር ተጋፋ፣ ጎረምሳ ሚስት ፈለገ፣ «ጋሽ ይመርን ጥሩልኝ» ነው የሚባለው። ለሽምግልና ሄደው አፍረው ተመልሰው አያውቁም። ይህንን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሳይጠየቁም ይናገሩታል።

«ይድነቃቸው» አሉ በመጨረሻ፤ «የኋላው በር የት ሄደ?»

ይድነቃቸው የወንድማቸው ልጅ ነው። ፎቶ ቤት አለው፣ ደግ ልጅ ነው፣ ጥፋቱ ይቺን መኪና መውደዱ ብቻ ነው። ካንድ አጎቱ የወረሳት የድሮ ስፖርት መኪና ናት፤ በዕድሜ እሱን ትበልጠዋለች፤ ሰፈርተኛው «ቀዮ» ይላታል።

«የኋላ በር የላትም ጋሼ። ባለ ሁለት በር ናት።»

«ታዲያ እኛ በየት በኩል ልንገባ ነው?»

«የፊቱ ወንበር ይታጠፋል።»

ጋሽ ይመር አብረዋቸው ወደሚሄዱት ሁለት ሽማግሌዎች ዞሩ። «ሰማችሁ? ወንበሩ ይታጠፋል አለ። እኛ አንዴ ከታጠፍን እንደማንዘረጋ ግን ማንም አልነገረውም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሐጂ እንድሪስና መምሬ ተክሉ ነበሩ። ጋሽ ይመር ትልቅ ጉዳይ ሲገጥማቸው ሁለቱን ሳይዙ አይወጡም፤ «ሐጂ ዱዓውን፣ መምሬ ጸሎቱን፣ እኔ ወሬውን» ይላሉ። የዛሬው ጉዳይ ደግሞ ትልቅ ብቻ አይደለም፣ ከባድም ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ይዘው ኮምቦልቻ ወርደው የዳኛ አስረስን ልጅ፣ ረድኤትን፣ ለይድነቃቸው ሊጠይቁ ነው።

ዳኛ አስረስን እንግዲህ ወሎ ያውቃቸዋል። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሰው አይበድሉም፣ ጉቦ አይነኩም፣ ነገር ግን ቀጠሮ መስጠት ይወዳሉ። ችሎት ላይ ሳሉ የለመደባቸው ነው መሰለኝ፣ ቤታቸው ከገቡም በኋላ አልተዋቸውም። የትልቋን ልጃቸውን ጠያቂዎች «ዛሬ ተመለሱ፣ ከፋሲካ በኋላ ኑ፣ ክረምቱ ይለፍ» እያሉ አመላለሱ አመላለሱና፣ ጠያቂው ልጅ ሰልችቶት ሌላ አግብቶ ለልጁ ክርስትና ጠራቸው አሉ። ረድኤትን ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ሀብታም ለልጁ ፈልጓት፣ የሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ አስነግሯል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዛሬ እሺ ካልተባለ ይድነቃቸው አለቀለት።

በሌላ መኪና ይሂዱ እንዳይባል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዳኛ አስረስ መኪና የላቸውም፣ ነድተውም አያውቁም፣ ግን ስለ መኪና የማያውቁት የለም። በረንዳቸው ላይ ባለ መደገፊያ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ባለፈ ባገደመው መኪና ሁሉ ላይ ፍርድ ይሰጣሉ። «የዚህ ሞተሩ አልቋል፤ የዚያ ጎማው ልኩ አይደለም፤ ይሄ ደግሞ ሹፌሩ ነው መቀየር ያለበት።» ረድኤትም ለይድነቃቸው «አባዬ ሰውን በመኪናው ነው የሚያውቀው፤ ሽማግሌዎቹን በራስህ መኪና ካልላክህ አትድከም» ብላዋለች።

ቀዮ ግን በዚያን ጊዜ እንኳን ሽማግሌ ሽንኩርት የምትጭን አልነበረችም። ፍሬኗ ሲረገጥ ትንሽ አስቦ ነው የሚይዘው። ሞላዋ፣ ማለትም ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የሚለምጠው ያ ጥቅልል ብረት፣ ደክሞ ተኝቷል። ይድነቃቸው ዱባይ ያለች የአክስቱ ልጅ ልትመጣ ስትል «ሻንጣዬ የቻለውን ላምጣልህ» አለችውና ጭንቀት ጀመረው። ምን ታምጣ? ጋራዥ ሄዶ ቢጠይቅ የጋራዡ ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንዱ ጎማ አለ፣ አንዱ መሪ አለ፣ አንዱ ከነጭራሹ ሽጣት አለ። መካኒኩ ሰይፈ ብቻ «ለኛ መንገድ ለስለስ ያለ ሞላ» ብሎ ነበር፤ የሰማው የለም።

ጋሽ ይመር ያኔ የተናገሩት አጭር ነበር። «እኔ ስለ መኪና የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሐረጎን የወረደ መኪና ፍሬን ካላቆመው ቦርከና ወንዝ ያቆመዋል። ፍሬኑን ካላሳደስክ ሽምግልናውን በስልክ እጨርስልሃለሁ።»

ስለዚህ አዲስ የፍሬን ዲስክና ሸራ መጣ። ከሻንጣው የተረፈ ቦታ ነበርና አዲስ ሞላም መጣ። ሰይፈ ሞላውን ሲገጥም በመዳፉ ጫን አደረገው፤ አልነቃነቅ አለ። ወጥቶ ቆመበት፤ ወይ ፍንክች። «ወንድሜ፣ ይሄ ሞላ ነው ወይስ የቤት ምሰሶ?» ብሎ ጠየቀ። ይድነቃቸው ፈገግ አለ።

እንግዲህ ወደ እሑዳችን እንመለስ። ሐጂ በዕድሜ ስለሚበልጡ ከፊት ተቀመጡ። ጋሽ ይመርና መምሬ ተክሉ እየተደጋገፉ፣ እየተገፉ፣ አንዴም በምርኩዝ እየተጎተቱ ከኋላ ገቡ። ጉልበታቸው አገጫቸውን ነካ። የመምሬ ጥምጥም ጣራው ላይ ተለጠፈ። መኪናዋ ተነሳች።

ወይ ጉድ! የደሴን ጉድጓድ እግዜር ይቁጠረው። ድሮ ቀዮ ጉድጓድ ስትገባ አበሳውን የምታየው እሷ ነበረች፤ አሁን ግን ተሳፋሪው ነው የሚያየው። እያንዳንዱ ጠጠር ከጎማ ወደ ሞላ፣ ከሞላ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ጋሽ ይመር ወገብ ምንም ሳይቀነስለት ይደርሳል። መምሬ ከተማው መውጫ ላይ «በስመ አብ» ብለው የጀመሩት ጸሎት ሐረጎ ጫፍ እስኪደርሱ «ወወልድ» ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ሐጂ ከወንበራቸው በተነሱ ቁጥር ዝም ይላሉ፣ ተመልሰው ባረፉ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ይመር ጥርሳቸው እየተጋጨ፤ «ይቺ መኪና ከኛ ጋር የድሮ ቂም አላት?»

«ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ነው ጋሼ። ስፖርት ነው።»

«ስፖርቱን እየሠራን ያለነው እኛ ነን!»

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ወርዷል። አንዱን ጥምዝ ዞር ሲሉ፣ ጭድ የተጫነች አህያ መሐል መንገድ ላይ ቆማ አገኙ። ባለቤቷ የለም። አህያዪቱም የመሄድ ሐሳብ የላትም። ይድነቃቸው ፍሬኑን ረገጠ።

ቀዮ ቀጥ አለች። አልተንሸራተተች፣ አልዞረች፣ እዚያው ቀጥ! የሐጂ ቆብ ተፈናጥሮ የፊት መስታወቱ ላይ አረፈ፣ መምሬ በጋሽ ይመር ጭን ላይ ተገኙ፣ አህያዋም አንገቷን አዙራ በመስታወቱ አየቻቸውና ማኘኳን ቀጠለች። በመካከላቸው አንድ ክንድ ቢኖር ነው።

ከዚያ ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ይሄን ፍሬን ያስመረጠህ ማን ነበር?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«ዕድሜ ለኔ! ያንን ሞላስ ያስመረጠህ ማን ነው? ስሙን ንገረኝና ልርገመው።»

ይድነቃቸው ጆሮው ቀላ። «አይርገሙት ጋሼ። ዳኛ አስረስ ናቸው።»

«ምን?»

«ረድኤት ለኔ መሆኑን ሳትነግራቸው ጠየቀቻቸው። ‹አንድ ሰው የድሮ ስፖርት መኪና ቢኖረው ምን ዓይነት ሞላ ያስገባ?› አለቻቸው። እሳቸው ከወንበራቸው ተነስተው ሊቆሙ ምንም አልቀራቸውም። ‹ጠንካራ! ዝቅ ያለና ጠንካራ! ለስላሳ ሞላ ለአልጋ ነው። ስፖርት መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው መንገዱን በአጥንቱ ማንበብ አለበት!› አሉ። እኔም ደስ ይበላቸው ብዬ፣ ካለው ሁሉ ጠንካራውን አስመጣሁ።»

«በአጥንቱ ማንበብ» አሉ መምሬ ከጋሽ ይመር ጭን ላይ ለመውረድ እየታገሉ። «እኔ እንኳ ሐረጎን በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ጋሽ ይመር ግን ዝም አሉ። የሚያውቋቸው ሰዎች ይህን ዝምታ ይፈሩታል፤ እሳቸው ዝም ካሉ አንድ ነገር እየሰፉ ነው። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ቃል አልወጣቸውም፤ በየጉድጓዱ ከሚያሰሙት «እህ» በቀር።

ዳኛ አስረስ ደጅ ሲደርሱ መውረዱ ከመግባቱ ባሰ። ሦስቱም አንድ በአንድ ተጎትተው ወጡ፣ እንደወጡም ጎንበስ ብለው ቀሩ፣ ቀስ እያሉም ተቃኑ። ጋሽ ይመር ወደ ይድነቃቸው ዞሩ። «እጩ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣምና አንተ ዛሬ ሹፌር ነህ። ኮፍያህን ዝቅ አድርግና እዚሁ ጠብቅ። ከተጠራህ ‹አቤት ጌታዬ› ብቻ ነው የምትለው።»

ቤቱ ውስጥ ዳኛ አስረስ ወንበራቸው ላይ ተሰይመዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ረድኤት ጓዳ በር ሥር ቆማ ታዳምጣለች።

«እንደምን አደራችሁ፤ ቤት ለእንግዳ፤ ተቀመጡ» አሉ ዳኛው።

«እግዜር ይስጥልን። ቁም ነገር ይዘን ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ይመር። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ቃሉን ሳይናገር አይቀመጥም። ዳኛውም ወጉን ያውቃሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ይመር እንዳገሩ ወግ አሳምረው ተናገሩ፤ ልጅዎን ለልጃችን፣ ልጃችንም ልጅዎ ይሁን አሉ። ሐጂ መረቁ፣ መምሬም ያችን ከደሴ የጀመሯትን ጸሎት ጨረሱ።

«መልካም። ቃላችሁ ተሰምቷል» አሉ ዳኛው። «አሁን ተቀመጡ።»

ሦስቱም አልተቀመጡም። ሐጂ ወንበሩን አዩት፣ ወንበሩም የሚያያቸው መሰላቸውና ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ አነሱ። መምሬ ጉልበታቸውን ትንሽ ሸብረክ አደረጉና «ውይ!» ብለው ቀጥ አሉ።

«ኧረ ተቀመጡ! ቃሉ ከተሰማ በኋላ እኮ ይቀመጣል» አሉ ዳኛው ግራ ገብቷቸው።

እንግዲህ የጋሽ ይመር ወገብ እንጂ ምላሳቸው አልደነዘዘም። «ክቡር ዳኛ» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፤ «እርስዎ ችሎት ላይ ሳሉ ፍርድ ሲነበብ ሰው ቁጭ ይል ነበር?»

ዳኛ አስረስ ፊታቸው በራ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ያከበራቸው ሰው አላጋጠማቸውም። «አይ የደሴ ሰው!» አሉ። «አይ ወግ ማወቅ! ፍርዱን ቆማችሁ ልትሰሙ? እንዲህ ያለ ሽማግሌ በዚህ ዘመን አለ?» በደስታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጓዳ በር ላይ ያለችው ረድኤትም «በቃ ተሳካ» ብላ እጇን አጨበጨበች። ከዚያ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው ጉዳዩን መርምሬ መልስ እሰጣችሁ ዘንድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመለሱ ዘንድ ቀጠሮ…»

«ይሄ ሰውዬ!» ብለው ሐጂ ጮክ ሊሉ ነበር፤ ጋሽ ይመር በምርኩዛቸው እግራቸውን ነካ አደረጓቸው። ቀጠሮ ማለት ረድኤት ለአዲስ አበባው ቀረች ማለት ነው። ቀጠሮ ማለት በዚያች መኪና እንደገና መምጣትም ነው። የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራ ለጊዜው ማንም ሊለየው አልቻለም።

«ክቡር ዳኛ፣ ቀጠሮ ከመስጠትዎ በፊት ማስረጃ አያዩም?»

«የምን ማስረጃ?»

«ልጁን አያውቁትም። መኪናው ግን ደጅዎ ላይ ቆማለች። ሰው በመኪናው ይታወቃል ይላሉ ሲባል ሰምተናል።»

ዳኛው ከመደገፊያው ቀና አሉ። «ምን ዓይነት መኪና ናት?»

«የድሮ ስፖርት። ባለ ሁለት በር።»

«ፍሬኗስ?»

«አዲስ ነው። ሐረጎ ላይ አህያ ምስክር አለን።»

«ሞላዋስ? ዋናው እሱ ነው!»

«ጠንካራ ነው ክቡር ዳኛ። ዝቅ ያለና ጠንካራ።»

ዳኛ አስረስ የወንበሩን ክንድ በጥፊ መቱት። «አላልኩም! ይሄ ልጅ መካሪ አለው!»

«ትልቅ ሰው ነው የመከረው» አሉ ጋሽ ይመር አንገታቸውን ደፍተው። «ይውጡና በአካል ይዩት። ሹፌሩ ያዞርዎታል። እንደርስዎ ያለ የተከበረ ሰው ደግሞ ከፊት አይቀመጥም፤ ከኋላ ይግቡ። የሞላው ጥሩነትም የሚታወቀው ከኋላ ነው።»

ዳኛው ኮታቸውን ለበሱ፣ ክራቫታቸውን አጠበቁ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ወጡ። ሹፌሩ ኮፍያውን አፍንጫው ድረስ አውርዶ ወንበሩን አጠፈላቸው። ትንሽ ታገሉና ገቡ። ጋሽ ይመር በመስኮቱ አጎንብሰው «በኮብልስቶኑ በኩል» ብለው አዘዙት፤ መኪናዋም ሄደች።

ቤት ውስጥ የቀሩት ጸጥ ብለው አዳመጡ። መንገዱ ጫፍ ላይ ጉብታ አለ። መኪናዋ እዚያ ስትደርስ ከሩቅ የዳኛው ድምፅ ተሰማ። «ይሄ ነው ሞላ!» የሚል ጩኸት ነበር። ቀጥሎ ኮብልስቶኑ ተጀመረና «ይሄ ነ…ነ…ነ…» የሚል ብቻ ተሰማ። ከዚያ ምንም አልተሰማም።

ወይዘሮ የሺመቤት ሦስቱን ሽማግሌዎች ተራ በተራ ተመለከቷቸው። «እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ለምንድን ነው የማትቀመጡት?»

ጋሽ ይመር ሴት ወይዘሮን መዋሸት ነውር ነው ብለው ነገሩን ከአህያዋ እስከ ምሰሶ መሳዩ ሞላ አጫወቷቸው። ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎስጉሰው ሳቁ፤ ሶፋው አብሯቸው ተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው ወረደ።

«ወይ ልጄ! ወይ ይድነቃቸው!» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስላቸው። «እኔማ ልጁን በልጄ አፍ አውቄዋለሁ። ደግ ነው፣ ይወዳታል፣ ትወደዋለች። ግን እኔን ማን ጠይቆኝ? ሽማግሌ ሁሉ እዚህ ቤት ሲመጣ የሚያናግረው ያንን ወንበር ነው።»

«ያንን ወንበር» አሉ ጋሽ ይመር ቀስ ብለው፤ ባዶውን ወንበር ተመለከቱት።

መኪናዋ ተመለሰች። በሩ ተከፈተ። ብዙ ቆይቶ ዳኛ አስረስ ገቡ። ክራቫታቸው ጆሯቸው ሥር ደርሷል። ባርኔጣቸው የት እንደወደቀ አይታወቅም። በትንንሽ እርምጃ ወደ ወንበራቸው ሄዱ፣ ደረሱ፣ ዞሩ፣ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ፣ «ኡህ!» አሉ፣ ቀና አሉ። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ይዘው ከበስተጀርባው ቆሙ።

«ይህንን ሞላ» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፤ «ይህንን ሞላ ያስገባው ማን ነው? ያስገባውስ ያስገባ፤ ልጅ ነው፤ የመከረው ማን ነው? የመከረው ሰው በሕግ መጠየቅ አለበት!»

«አባዬ» አለች ረድኤት ከጓዳው በር፤ «አንተ ነህ እኮ።»

«እኔ?»

«‹ጠንካራ! ዝቅ ያለና ጠንካራ! መንገዱን በአጥንቱ ያንብብ!› አላልከኝም? እሱም ቃልህን አክብሮ አንዲት ነገር ሳይለውጥ አደረገው።»

ዳኛ አስረስ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ የተሟላ ማስረጃ ቀርቦላቸው አያውቅም። ወይዘሮ የሺመቤት ሳቃቸውን እየዋጡ «በል እንግዲህ ቁጭ በል፤ ደክሞሃል» አሏቸው።

«ደህና ነኝ። ቆሜ ይሻለኛል።»

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ይመር ከሐረጎ ጀምረው ሲሰፉት የነበረውን ያወጡት። ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ተከሉና ድምፃቸውን አነሱ።

«ክቡር ዳኛ! እንዲህ ባለ ቀን፣ እንዲህ ባለ ቤት፣ ተቀመጥ እየተባለ የማይቀመጥ ሰው አንድ ነው፤ ልጅ ጠያቂ ነው። እርስዎም ከቆሙ ከኛ ወገን ሆኑ ማለት ነው፤ እንኳን ደህና መጡ። ጠያቂዎች አራት ሆነናል። ሰጪ ደግሞ የተቀመጠ ነው።» ወደ ሶፋው ዞረው እጅ ነሱ። «እመቤቴ፣ እኛ አራታችን ልጅዎን ለልጃችን እንለምናለን።»

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ ዳኛው። «እኔ ገና አልወሰንኩም! እቃወማለሁ!»

«የሚቃወሙ ከሆነ ይቀመጡና ይቃወሙ» አሉ ጋሽ ይመር።

ቤቱ ሁሉ ወንበሩን አየ። ዳኛ አስረስም አዩት። ዞረው ከፊቱ ቆሙ፣ ጎንበስ ማለት ጀመሩ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ተመልሰው ቀጥ አሉ።

«ሰጥቻለሁ!» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። ማንም ሳይቀድማቸው፣ ጮክ ብለው። ጓዳ በር ላይ እልልታ ፈነዳ፤ ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ይባላል፣ ረድኤት ግን አለች።

ዳኛው ግን ዳኛ ናቸውና በቀላሉ አይለቁም። «ይግባኝ አለኝ» አሉ።

«መብትዎ ነው» አሉ ጋሽ ይመር። «ይግባኝ ሰሚው ግን ደሴ ነው። መኪናዋ ደጅ ቆማለች፤ ከኋላ ይግቡ።»

«ትቼዋለሁ!» አሉ ዳኛ አስረስ፤ እንዲህ ፈጥነው ፍርድ ሰጥተው አያውቁም። ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ወገባቸውን ያዙ፣ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። «ያን ሹፌር ጥሩት፤ ምሳ ይብላ። ምስኪን ልጅ፣ በየጉድጓዱ ‹ይቅርታ አባቴ› ሲለኝ ነበር። አማቼ እንደሱ ያለ ጨዋ በሆነ!»

«እሱው ነዋ!» አለች ረድኤት፤ ለመጥራት እየሮጠች ከበር ወጣች።

ሐጂ እንድሪስ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ መምሬ ተክሉ መስቀላቸውን አወጡ። «እንግዲህ እንደ ወጉ ለምርቃት ሁላችሁም ተነሱ» ተባለ። የተነሱት ወይዘሮ የሺመቤት ብቻ ነበሩ።

ሽማግሌዎቹ ማታውን በሚኒባስ ወደ ደሴ ተመለሱ። ቀዮ ቀድማቸው ሐረጎን ስትወጣ አዩዋት፤ በየጥምዙ እየዘለለች ነበር። ሐጂ «አሁንም ያ ሞላ!» ብለው ለይድነቃቸው አዘኑለት። «ከዝላዩ ግማሹ ብቻ ነው የሞላው ሥራ» አሉ ጋሽ ይመር ሚኒባሱ ውስጥ እንደቆሙ፤ «ግማሹን ልጁ ነው የሚዘለው።»